ለትንንሽ ልጆች የበዓል ስጦታን በልክ መስጠት፦ ለጅማ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በጅማ የሚያድግ ልጅ የሚያከብረው የራሱን ቤት በዓል ብቻ አይደለም። በአንዱ ግቢ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሲከበሩ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ይከበራሉ፤ ጎረቤትም ለጎረቤት ልጅ ባዶ እጁን ስለማይመጣ ሕፃኑ ስጦታ ከሁሉም አቅጣጫ ይደርሰዋል። ገና በቡና ለቀማ ወቅት ላይ ስለሚውል በዚያን ጊዜ በብዙ ቤት ገንዘብ ይገባል፣ በጅማው መርካቶ ውስጥም በየሱቁ ደጃፍ ላይ ባለ ባትሪ መኪና፣ የሚዘፍን አሻንጉሊትና በቀለም የደመቀ ፕላስቲክ ይደረደራል። በዓሉ አልፎ ሳምንት ሳይሞላው ግማሹ ተሰባብሮ፣ ግማሹ ተረስቶ ከአልጋ ሥር ይገኛል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ላሏቸው ወላጆች፣ አያቶችና ዘመዶች ነው። ሐሳቡም አንድ ነው፦ ለትንሽ ልጅ የሚሰጠው ነገር ቁጥሩ ሲያንስና አብሮት የሚቀመጥ ሰው ሲኖር ልጁ በስጦታው ይበልጥ ይጠቀምበታል። በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት 36 ሕፃናትን አንድ ጊዜ በ4 መጫወቻ፣ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻ መካከል አስቀምጠው ተመልክተዋቸው ነበር፤ ሕፃናቱ አራት ብቻ በነበረበት ጊዜ በእያንዳንዱ መጫወቻ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተዋል፣ በአንዱ ዕቃም በብዙ ዓይነት መንገድ ተጫውተዋል። ልጆችን ቀረብ ብሎ ያየ ሁሉ ይህን ከልምዱ ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ነገር የከበበው ሕፃን አንዱን አንሥቶ ሌላውን ይጥላል እንጂ በአንዱም አይረጋም።

በልክ መስጠት ማለት ግን መሰሰት ማለት አይደለም። በዓል በዓል ሊመስል ይገባዋል፣ ልጅም በዚያ ቀን እንደታሰበ ሊሰማው ይገባል። ስለዚህ ከታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች የሚጠይቁት ከገንዘቡ ይልቅ አስቀድሞ ማሰብንና ጊዜ መስጠትን ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ ከበዓሉ ሦስት ሳምንት በፊት ያለውን አውጥቶ ማየት

አዲስ ነገር ከማሰብዎ በፊት በቤት ውስጥ ያለውን የልጁን መጫወቻ ሁሉ ከአልጋ ሥር፣ ከሶፋ ጀርባና ከግቢው ጥግ ሰብስበው በአንድ ምንጣፍ ላይ ያውጡ። ልጁ ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ ይህን ተኝቶ ሳለ ቢያደርጉት ይቀላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አብሮ ይደርድር። ከዚያም የሚጫወትበትን፣ የተሰበረውንና የረሳውን ለየብቻ ያስቀምጡ።

ከተሰበረው ውስጥ ሊጠገን የሚችለውን ከዚያው ሳምንት ሳያልፍ ይጠግኑ፤ የተሰፋበት የለቀቀ አሻንጉሊት በመርፌና በክር፣ ጎማው የወለቀ የእንጨት መኪና በአንድ ምስማር ይመለሳል። ባትሪው የፈሰሰበትን፣ የባትሪ ክዳኑ የጠፋውንና ስለታም ጠርዝ ያወጣውን ፕላስቲክ ግን ያለ ማቅማማት ያስወግዱ። የተረሳውን በካርቶን አድርገው ቁም ሣጥን ላይ ይስቀሉት። ከአንድ ወር በኋላ ሲወርድ ልጁ እንደ አዲስ ይቀበለዋል፣ እርስዎም ምንም አላወጡበትም።

ይህ ሥራ ሌላ ጥቅም አለው። በምንጣፉ ላይ የተደረደረውን ሲያዩ ምን እንደበዛና ምን እንደጎደለ ይገለጽልዎታል። ዘጠኝ መኪና ያለው ልጅ አሥረኛውን አይፈልግም፤ ምናልባት የሚጎድለው የሚደራርበው፣ የሚሥልበት ወይም ከወንድሙ ጋር የሚወራወረው ነገር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ከዘመድ ጋር አስቀድሞ መነጋገር

በአብዛኛው ቤት ልጁን የሚያጥለቀልቀው የወላጅ ስጦታ አይደለም፤ አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ የክርስትና አባትና እናት፣ ጎረቤት፣ ከሳውዲ ወይም ከዱባይ ለበዓል የመጣ ዘመድ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሲያመጡ ነው። ይህ ሁሉ ፍቅር ነውና «አታምጡ» ማለት አይገባም፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ማለት ሰውን ከቤት እንደ መመለስ ይቆጠራል። የሚሻለው ለሰውየው የሚስማማውን፣ እርሱ ብቻ ሊሰጥ የሚችለውን ነገር አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ለአያት እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እማማ፣ ልጁ የእርስዎን ሙልሙል ዳቦ እየጠየቀ ነው። ለበዓሉ ሌላ ነገር አይግዙ፤ ትንሽ ሊጥ ለእጁ ሰጥተውት አብሮዎት ቢጋግር ከሁሉ ይበልጥበታል።» ለአጎት ደግሞ፦ «ጋሼ፣ ለሁለቱም አንድ ኳስ ይበቃቸዋል፤ ይዘው መጥተው ግማሽ ሰዓት አብረዋቸው ቢጫወቱልን።» ለእህት ወይም ለጓደኛ፦ «የዝናብ ልብስ እየገዛንለት ነው፤ አንቺ ቦት ጫማውን ብትይዥው ይሟላል።» ሁሉም ንግግር ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል፤ ሰውየው ከመስጠት አይከለከልም፣ ስጦታውም ከሌላው ጋር አይደራረብም።

ይህን ከበዓሉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይናገሩ፤ ብዙ ሰው ዋጋ ሳይጨምር ብሎ ቀድሞ ይገዛልና። በስልክ መልእክት ከመጻፍ በድምፅ መንገር ይሻላል፤ በጽሑፍ የመጣ ጥያቄ ትእዛዝ ሊመስል ይችላል። ዋጋው ከፍ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ትንሽ ብስክሌት፣ ካስፈለገ ሦስትና አራት ዘመድ አዋጥተው በጋራ ቢሰጡት ልጁም አንድ የሚታወስ ነገር ያገኛል።

በቤት ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ሁለት ሐሳብ ካላቸው መጀመሪያ እነርሱ ይስማሙ። እናት በልክ ይሁን ስትል አባት በበዓሉ ዋዜማ ሦስት ፌስታል ሙሉ ይዞ ከገባ ልጁ የሚማረው የትኛው ወላጅ እንደሚበልጥ መመዘን ነው።

ተነጋግረውም ያልተጠበቀ ስጦታ ከመጣ በሰጪው ፊት ልጁ በሁለት እጁ ይቀበል፣ ያመስግን፣ ስሞ ይመለስ። ቅሬታዎን ልጁ ሊሰማው አይገባም። ዕቃው የት እንደሚሄድ በኋላ ይወሰናል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ቁጥሩን መወሰን

እኔ የምመክረው ከራስ ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ነገር ነው፦ አንድ በእጁ የሚይዘው፣ አንድ አብረውት የሚያደርጉት፣ አንድ ደግሞ እርሱ ለሌላ ሰው ይዞ የሚሄደው። ለበዓል የሚገዛው አዲስ ልብስና ጫማ በመጀመሪያው ውስጥ ይቆጠራል። ይህ ብዙዎችን ያስገርማቸዋል፤ ነገር ግን ልጅ በበዓል ጠዋት አዲስ ልብሱን ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ኢድ ሶላት ሲወጣ የሚሰማውን ደስታ ያየ ሰው ልብስ «ስጦታ አይደለም» ሊል አይችልም። በጅማ ዝናቡ ከክረምት በፊት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ስለሚዘልቅ ለእንቁጣጣሽ የሚሰጥ ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ለልጁ ግቢውን ይከፍትለታል፤ ያለ እነርሱ በጭቃው ምክንያት ቀኑን በር ላይ ቆሞ ይውላል።

ሦስተኛው፣ ልጁ የሚሰጠው፣ ከሁሉ የሚረሳው ነው። በባህላችን ግን ከቶ አዲስ ነገር አይደለም። በእንቁጣጣሽ ልጆች ፀሐይና አበባ ሥለው በየቤቱ ይዘው ይዞራሉ፣ ሴቶቹም አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ፤ ሳንቲሙና ዳቦው የሚመጣው ልጁ አስቀድሞ የራሱን ካቀረበ በኋላ ነው። ይህን ወደ ሌሎቹ በዓላት ማዛመት ቀላል ነው። የአራት ዓመት ልጅ በወረቀት የሣለውን ለጎረቤት አዛውንት ይዞ ይሂድ፤ የሦስት ዓመት ልጅ በኢድ ወይም በገና ቀን ትንሽ ሳህን ዳቦ በጨርቅ ተሸፍኖ ይያዝና ወላጁ ከኋላው እየተከተለ አጥር ለአጥር ያድርስ። ሳህኑ ባዶ እንደማይመለስ የታወቀ ነው፣ ልጁም መስጠትና መቀበል የሚዟዟሩ መሆናቸውን በእጁ ያየዋል።

የሚያወጡትን ገንዘብ መርካቶ ከመግባትዎ በፊት ወስነው ለብቻው ይያዙት፣ ልጁን ይዘው አይሂዱ፣ በዋዜማውም አይሂዱ። ለወንድማማቾችና ለእኅትማማቾች አንድ የጋራ ትልቅ ነገርና ለየራሳቸው አንዳንድ ትንሽ ነገር ማድረግ ጠብ ይቀንሳል።

አራተኛ እርምጃ፦ በዕድሜ መምረጥ

ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከሱቅ የሚገዛለት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ንጹሕ የእንጨት ማንኪያ፣ ጠርዙ የማይቆርጥ ትንሽ ሰፌድ፣ በጨርቅ የተሰፋ ኳስ ይበቃዋል፤ ይጨብጣል፣ ይልሳል፣ መሬት እየመታ ድምፁን ይሰማል። እዚህ ላይ ለጅማ ሰው አንድ ነገር ማስታወስ ግድ ይለኛል። አካባቢያችን ማር የሞላበት ነው፣ ለበዓልም ለአራስ ቤት ማር ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። ማሩ ለእናትየዋ ይሁን እንጂ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጣት እንኳ አይቅመስ፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የቦቱሊዝም ባክቴሪያ የሕፃኑን ጡንቻ የሚያዝልና ለሞት ሊያደርስ የሚችል ሕመም ያመጣል።

ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ የሚደራርበው፣ የሚገፋው፣ ሞልቶ የሚያፈሰውና የሚሸከመው ነገር ይወዳል። የእንጨት ብሎኬት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ የአሉሚኒየም ኩባያዎች፣ ኳስ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት ለዚህ ዕድሜ ናቸው። የመታነቅ አደጋ የሚበዛውም በዚሁ ዕድሜ ስለሆነ ቀላል መመዘኛ ይያዙ፦ ያለቀ የሶፍት ጥቅል ካርቶን ያስቀሩና ዕቃው ወይም ሊነቀል የሚችል ክፍሉ በካርቶኑ ቀዳዳ ካለፈ ለልጁ አይስጡ። ብይ፣ የአሻንጉሊት ዓይን፣ ትንሽ ጎማ ሁሉ በዚህ ይለያል። ፊኛ በበዓል የተለመደ ቢሆንም ያልተነፋው ወይም የፈነዳው ቁራጭ የልጅን የአየር መተላለፊያ አጥብቆ ይዘጋል፤ ስለዚህ ትልቅ ሰው በሌለበት አይተው። በዓል ቤት ውስጥ የሚዞረው ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ከረሜላም ከመጫወቻው ባልተናነሰ ያሰጋል።

ከሁሉ የሚከፋው ክብና ጠፍጣፋዋ ባትሪ ናት። በሰዓት፣ በሚበሩ ጫማዎችና በሚዘፍኑ ካርዶች ውስጥ ትገባለች። ልጅ ከዋጣት ጉሮሮው ላይ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች፤ ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ «በሰገራ ይወጣል» ብለው ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። ባትሪ ያለው መጫወቻ የግድ ከመጣ ክዳኑ በብሎን የሚታሰር መሆኑን ያረጋግጡ።

ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ልጅ የሚፈልገው የሚሠራበት ነገር ነው፦ ጠመኔና ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከለርና ወረቀት፣ የዝላይ ገመድ፣ እንደ ትልቅ ሰው የሚለብሰው አሮጌ ጋቢ ወይም ኮፍያ። የሚቦካ መጫወቻ በቤት ይሠራል፤ ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ውሃና አንድ ማንኪያ ዘይት ተደባልቆ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ይታሻል፣ በእርድ ቢጫ ይሆናል። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ ለብዙ ቀናት ያገለግላል። ጨው ስለሚበዛበት የሚበላ አይደለም፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ለሚወስድ ልጅ አይሰጥም።

አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ ቅልሞሽ፣ ገበጣ፣ ሱዚና ብይ ይመጣሉ፤ ዋጋቸው ከምንም የማይቆጠር ነው፣ ግን የሚያስተምር ትልቅ ሰው ይፈልጋሉ። መጽሐፍ በየትኛውም ዕድሜ ደህና ስጦታ ነው። የጅማ ልጅ አማርኛና አፋን ኦሮሞ አብሮ እየሰማ ስለሚያድግ በሁለቱም አንዳንድ ሥዕላዊ መጽሐፍ ማግኘቱ መልካም ነው፤ የሚያነብለት ሰው ማን እንደሆነ ግን መጽሐፉ ሲገዛ አብሮ ይወሰን።

ያገለገለ ስልክ ለሕፃን «መጫወቻ» ብሎ መስጠት እየተለመደ መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ፈጽሞ እንዳይሰጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። ስልክን ከስጦታ ዝርዝር ውስጥ ማውጣቱ ይበጃል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ከአናጢ ቤት የሚገኝ ስጦታ

ጅማ የእንጨት ሥራ ከተማ ናት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ በአገሪቱ ሁሉ በስሟ ይታወቃል። ለልጅ በልኩ የተሠራ ትንሽ በርጩማ እኔ ከማውቃቸው የበዓል ስጦታዎች ሁሉ የምመርጠው ነው፤ ልጁ ቡና ሲፈላ ከትልልቆቹ ጋር እኩል የሚቀመጥበት የራሱ ቦታ ያገኛል፣ ቀኑን ደግሞ ገልብጦ ከበሮ፣ መኪና ወይም የሱቅ ጠረጴዛ ያደርገዋል። ሦስት እግር ስላለው ያልተስተካከለ ወለል ላይም አይወዛወዝም።

ሲያዝዙ ልጁን ጫማውን አስወልቀው ያቁሙትና ከመሬት እስከ ጉልበቱ ጀርባ ያለውን በክር ይለኩ፤ የበርጩማው ቁመት ከዚያ ጥቂት ዝቅ ቢል እግሩ መሬት ይረግጣል። የመቀመጫው ስፋት ከልጁ ዳሌ በሁለት በኩል ሁለት ሁለት ጣት ይትረፍ። እግሮቹ ወደ ውጭ ዘንበል ብለው እንዲወጡ አናጢውን ይንገሩት፤ ቀጥ ብለው የወረዱ እግሮች ልጁ ወደ ጎን ሲጋደል ይገለብጡታል። ዋንዛ ለዚህ ሥራ ይመረጣል፣ ቀለል ያለና በቀላሉ የማይሰነጠቅ ነውና። በበዓል ሰሞን አናጢው ሥራ ስለሚበዛበት ሦስት ሳምንት አስቀድመው ይዘዙ።

እዚያው እያሉ የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ይጠይቁ። አብዛኛው አናጢ ለማገዶ የሚጥለውን ቁራጭ በትንሽ ዋጋ፣ አንዳንዴም በነጻ ይሰጣል። ወደ ሃያ የሚሆኑ ቁራጮችን በአምስት ሳንቲ ሜትር ልክ እንዲቆርጥልዎ፣ ጥቂቶቹን ደግሞ እጥፍ አርዝሞ እንዲተዋቸው ይጠይቁ፤ ልኩ እኩል ወይም እጥፍ ካልሆነ ልጁ ግንብ ሲሠራ አይገጥምለትም። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ግን አይውሰዱ፣ በሙጫ የተጋገሩ ስለሆኑ በልጅ አፍ ሲርሱ ይፈራርሳሉ። ለምስጥ ተብሎ የተቃጠለ ዘይት የተቀባ እንጨትም እንዲሁ አይሆንም፤ ሽታው ይለየዋል።

የቀረው ሥራ የቤት ነው። በመጀመሪያ ሻካራ፣ ቀጥሎ ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ይዘው ገጹን ሁሉ፣ በተለይ ስምንቱን ማዕዘንና ጠርዞቹን ይፈትጉ። ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ቁራጩን በነጠላ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ክር ከያዘ ስንጥር ቀርቶበታል ማለት ነውና እንደገና ይፈተግ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አንሥተው ሲደርቅ በምግብ ዘይት በጣም በስሱ ያሹትና ሌሊቱን ያድርቁት። ቀለም አይቀቡ፤ ቀለም ውስጥ ሊገኝ የሚችለው እርሳስ የሚባለው ብረት በትንሹም ቢሆን የልጅን አእምሮ ይጎዳል፣ የዋንዛው የራሱ መልክም ያምራል። ከአምስት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ለታናሹ የሚሰጠውን ብሎኬት ራሱ ቢፈትግ ሦስተኛውን ስጦታ አገኘን ማለት ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ለገና የሚዘራ ቡና

በኦሮሞ ባህል ለተወለደ ልጅ ሀንዱራ ተብሎ ጥጃ ይሰጣል፤ ከብቱ ከልጁ ጋር ያድጋል፣ የሚወልደውም የልጁ ነው። ከተማ ውስጥ ጥጃ ማሰር ለማይችል ቤተሰብ ተመሳሳይ ነገር በቡና ማድረግ ይቻላል፣ ገና የሚውልበት ጊዜም ለዚህ የተመቸ ነው።

በታኅሣሥ በደንብ የቀላ የቡና ፍሬ ከጤነኛ ዛፍ ልጁ ራሱ ይልቀም። በግቢዎ ከሌለ በአጋሮ፣ በጎማ ወይም በማና ዘመድ የሌለው የጅማ ሰው ጥቂት ነው። ፍሬውን በሁለት ጣት ሲጫኑት ሁለቱ ፍሬዎች እያንሸራተቱ ይወጣሉ፤ ይህን ማድረግ ልጆችን እጅግ ያስደስታቸዋል። ዕድሜው ያነሰውን ልጅ ግን ወደ አፉ እንዳይከት ይጠብቁ። ፍሬዎቹን ውሃ ውስጥ ይጨምሩ፣ የሚንሳፈፈውን ይጣሉ፣ የሰጠመውን ሙልጭልጩ እስኪለቅ አሽተው ያጥቡ። ከዚያ በጥላ ሥር ለጥቂት ቀናት ያድርቁት። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ለብዙ ወራትም አይቀመጥ፤ የቡና ዘር የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል።

ዕቃው ባዶ ሃይላንድ ፕላስቲክ ይሁን፤ አፉን ቆርጠው ታቹን በጋለ ምስማር አራትና አምስት ቦታ ይብሱ። ሦስት እጅ ጥቁር የላይ አፈርና አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ደባልቀው ይሙሉት። ሁለት ወይም ሦስት ዘር ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ልጁ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅበር፣ ደረቅ ሣር ያልብሰው፣ በጥላ ያስቀምጠው። የልጁን ስም በእንጨት ላይ ጽፈው ይትከሉበት። አፈሩ እንዳይደርቅ፣ ግን እንዳይጨቀይ በየሁለት ቀኑ ያጠጣው።

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ቡቃያው ዘሩን እንደ ባርኔጣ በራሱ ላይ ተሸክሞ ይወጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ይህ ይወድቅና ሁለት ክብ ቅጠሎች ይዘረጋሉ። ሕፃን ይህን ያህል መታገሥ አይችልም የሚል ሰው ይኖራል። ማጠጣት የየሁለት ቀን ሥራው ስለሚሆን መጠበቁን ራሱ ሥራ ያደርገዋል፤ ሁለት ሦስት ዕቃ አብሮ መዝራትም አንዱ ባይበቅል ልጁን ከማዘን ያድነዋል። ከበቀሉት ጠንካራውን ያስቀሩ። ችግኙ ስድስት ያህል ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ፣ ወይ በመጪው ሐምሌ ወይ ከዚያ በሚቀጥለው ክረምት፣ ዝናቡ ሲጸና በጥላ ዛፍ ሥር ይተከላል። ከተተከለ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ውስጥ ማፍራት ይጀምራል፤ የአራት ዓመት ልጅ የዘራውን በስምንት ወይም በዘጠኝ ዓመቱ ይለቅመዋል ማለት ነው።

ሰባተኛ እርምጃ፦ አብሮ መውጣት

«አብረን የምናደርገው» ከተባለው ውስጥ ጉዞም አለ። ጅሬን ላይ ያለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በጅማ የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለሕፃን ሰፊ ግቢ፣ የእንጨት ደረጃና ሰገነት ነው፤ የንጉሡ መገልገያ ዕቃዎች በከተማው ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ። በበዓሉ ቀን ዝግ ሊሆን ስለሚችል በሳምንቱ ሌላ ቀን ይሂዱ፣ ስልክዎንም ኪስዎ ይተዉት። የአምስት ዓመት ልጅ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ማስረዘም ይሰለቸዋል።

ስምንተኛ እርምጃ፦ አሰጣጡ

ሁሉንም በአንድ ጠዋት አይስጡ። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን አለ፣ ገና ታኅሣሥ 28 በሚውልበት በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 13፤ ልብሱ በገና ጠዋት፣ ዘመድ ያሠራው በርጩማ ከሰዓት ቡና ሲፈላ፣ የቡናው መዝራት በማግስቱ ወይም የጅሬን ጉዞ በጥምቀት ሰሞን ቢሆን እያንዳንዱ የራሱ ቀን ያገኛል። በኢድ አልፈጥር ልብሱ ከሶላት በፊት፣ ሌላው እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ይሁን። እንግዳ በሞላበት ቤት ስጦታ መክፈት ያላመጣውን ሰው ያሳፍራል፣ የጎረቤትንም ልጅ ያስከፋል።

መጠቅለያው አሮጌ ሻሽ ወይም የነጠላ ቁራጭ ቢሆን በየዓመቱ ይመለሳል፤ ትንንሽ ልጆች ጨርቅ መፍታት ከወረቀት መቅደድ እኩል ይወዳሉ። ሲሰጡት ወለሉ ላይ አብረውት ይቀመጡ። እንዴት እንደሚጫወትበት ለማሳየት አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ እርሱ ያገላብጠው።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ከበዓሉ በኋላ ገንዘቡና የተረፈው

በኢድና በእንቁጣጣሽ ለልጅ የሚሰጥ ገንዘብ የልጁ ነው። ወላጅ «ላስቀምጥልህ» ብሎ ተቀብሎ ዝም ካለ ልጁ ሁለተኛ አያምንም። አምስት ዓመት ላልሞላው ውስጡ በሚታይ የተዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርገው ሲሞላ እንዲያይ ያድርጉ፤ ከዚያ በላይ ለሆነው በስሙ የልጅ የቁጠባ ሒሳብ በባንክ ከፍተው ሲያስገቡ ይዘውት ይሂዱ። ከዚያ ላይ ጥቂቱን እንደ ፈቃዱ ያውጣ፣ ጥቂቱን ደግሞ ለሚፈልገው ሰው ይስጥ።

ሳይታሰብ የመጡትን ተጨማሪ መጫወቻዎች ከሁለትና ከሦስት በላይ አብረው እንዳይወጡ ወደ ካርቶኑ ይመልሱና በየወሩ ይቀያይሩ። ሰጪው ዘመድ ሲመጣ የእርሱን አስቀድሞ ማውረድ ተገቢ ነው። ለሌላ ልጅ የሚሰጠውን ታጥቦ፣ ተጠግኖ፣ ክፍሉ ሳይጎድል፣ ከሚቀጥለው በዓል ቢያንስ ሳምንት ቀድሞ በቀጥታ ለእናቱ ያድርሱ፤ በበዓሉ ቀን የተሰጠ አሮጌ ነገር ተቀባዩን ያሳንሳል። ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ የሚሰጠውን ራሱ ይምረጥ። «ይህን አልሰጥም» ካለም አይገደድ፤ ዕቃው ወደ ካርቶኑ ይመለስና በሚቀጥለው በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው እንደገና ይጠየቅ።